አሮጌ ላንድሮቨርን በግቢያችን ውስጥ ስለ ማደስ

በከተማችን በአንዳንድ ግቢዎች ጥግ፣ ጎማው ከወለቀ ብዙ ዓመት የሆነው፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበትና ልጆች ሾፌር እየሆኑ የሚጫወቱበት አሮጌ ላንድሮቨር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የቤቱ ጌታ «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» ይላል፤ እመቤቲቱ «ቦታው ለጎመን ይበቃኝ ነበር» ትላለች፤ ቁራሌው ደግሞ በደጅ ባለፈ ቁጥር ዐይኑን ይጥልበታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ነገር ብረት ነው ወይስ መኪና? መኪና ከሆነስ፣ ገንዘብ የሌለን ነገር ግን ጉልበትና የዕረፍት ወራት ያለን ተማሪዎች በገዛ እጃችን ልናስነሣው እንችላለን ወይ?

«ይህ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና መጣል ቀላል ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከዚህም በላይ በክፍል ውስጥ በጠመኔ የምንማረው ፊዚክስና ኬሚስትሪ በዚህ አሮጌ ብረት ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ሦስተኛውና ዋናው ነገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በትክክል ያልታደሰ መኪና ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በመንገድ የሚያልፈውንም ሰው ይገድላልና።

ላንድሮቨር ምንድን ነው?

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1948 በአምስተርዳም የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ነው። አሳቡን ያፈለቀው የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ሲሆን፣ በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። ጂፑ ሲያረጅ ምን ይተካዋል ብሎ ሲያስብ፣ እንደ ትራክተርም እንደ መኪናም የሚያገለግል አንድ ነገር ለመሥራት ወሰነ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ለክብደት ማነስ ወይም ለውበት ሲባል የተመረጠ አልነበረም፤ ችግር የወለደው ብልሃት ነበር። ነገር ግን ይህ ብልሃት መኪናውን ለሰባ ዓመትና ከዚያ በላይ አኖረው።

የመጀመሪያው ዐይነት ከ1948 እስከ 1958፣ ሁለተኛው ከ1958 እስከ 1971 (ከ1961 በኋላ ያለው «ሁለት ኤ» ይባላል)፣ ሦስተኛው ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ባሌስትራው ቀርቶ ጥቅል ሞላ የገባለት ዐይነት መጣ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1990 «ዲፌንደር» ተብሎ ተሰየመ፤ የመጨረሻውም በሶሊሃል ከተማ ካለው ፋብሪካ ጥር 29 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወጣ።

በግቢያችሁ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ዐይን ይበቃል። የፊት መብራቶቹ ከራዲያተሩ ፊት፣ በመካከል ተጠግተው ካሉ ከ1969 አካባቢ በፊት የተሠራ ነው። መብራቶቹ ወደ ውጭ፣ ወደ ፓራፋንጎው ወጥተው የፊቱ መከላከያ ፍርግርግ ፕላስቲክ ከሆነ ሦስተኛው ዐይነት ነው። የፍጥነት መለኪያው በመካከል ከሆነ አሮጌው፣ በሾፌሩ ፊት ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ርዝመቱን በተመለከተ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 88 ኢንች (2 ሜትር ከ24 ያህል) ከሆነ አጭሩ፣ 109 ኢንች (2 ሜትር ከ77 ያህል) ከሆነ ረጅሙ ይባላል።

ስለ ላንድሮቨር ብቻ መጻፋችን ሌላውን ለመናቅ አይደለም። ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ 40 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘርም በዚሁ መንገድ ይታደሳል፤ ልዩነቱ የእርሱ አካል በሙሉ ብረት ስለ ሆነ የዝገቱ ሥራ የሚበዛው በላሜራው ላይ መሆኑ ነው።

«ላንድሮቨር አይዝግም» ስለሚባለው ወሬ

ይህ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ነው። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ነገር ግን አካሉን የተሸከመው ሻንሲ ብረት ነው፤ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለው ግድግዳም ብረት ነው፤ የበሩ ክፈፍም እንደዚሁ። ሻንሲው ከላሜራ ተበይዶ እንደ ሣጥን የተሠራና ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ፣ ጭቃና ውሃ ገብቶበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ስለዚህ ከውጭ ቀለሙ አምሮ እየታየ ውስጡ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ ሻንሲ ብዙ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የኬሚስትሪ መምህራችን ያስተማሩን ነገር እዚህ ይገኛል። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ካለ፣ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሮኑን ቶሎ የሚለቀው ብረት እየተበላ ይሄዳል። አሉሚኒየምና ብረት ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የላንድሮቨር አካል ከብረቱ ክፈፍ ጋር በብሎን በተያያዘበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ብታዩ፣ ያ የተበላው አሉሚኒየም ነው። ጨው ሲጨመርበት ሥራው ይፋጠናል። ስለዚህም በደጋ የኖረ መኪናና በቀይ ባሕር ዳርቻ ያገለገለ መኪና ዕድሜያቸው እኩል ቢሆንም ጤንነታቸው እኩል አይሆንም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ምርመራው የሚጀመረው ከሥር ነው። አንድ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንኳኳት ነው። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የታመመው እንደ ካርቶን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የሞተው ደግሞ መዶሻውን ያስገባል። በተለይ የሚመረመሩት የኋላው ተሻጋሪ ብረት፣ ባሌስትራው የሚታሰርባቸው ቦታዎች፣ ግድግዳውን የሚሸከሙት ወደ ጎን የወጡ ክንዶች፣ እንዲሁም የሾፌሩ እግር የሚያርፍበት ወለል ናቸው። ባሌስትራው የሚታሰርበት ብረት ከተበላ መጠገኛ ላሜራ ከላይ መለጠፍ ማታለል ነው፤ የታመመው ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛ ብረት መበየድ አለበት። ይህን ሥራ በተማሪ እጅ አንመክርም፤ ብየዳው ውስጥ ያለ ጉድለት ለዐይን አይታይምና ለጥሩ በያጅ ይሰጥ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው ውሳኔው የሚመጣው። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ሌላው ሁሉ በጊዜ የሚመለስ ነው። ሻንሲው ካለቀ ግን በእውነት ለክፍል መለዋወጫ መሸጡ ይሻላል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት

አንደኛ፣ ወረቀቱ ይታይ። ሊብሬ የሌለው መኪና ቢታደስም መንገድ አይወጣም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉ ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፤ ስድስት ወር ከተለፋ በኋላ ልዩነት መገኘቱ ትልቅ ኀዘን ነው።

ሁለተኛ፣ የመፍቻው ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የላንድሮቨር ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። 9/16 ኢንች ማለት 14.29 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ባለ 14 መፍቻ አይገባም፤ ባለ 15ቱ ይገባል ግን ይንሸራተታል፤ በተንሸራተተ ቁጥር የብሎኑን ራስ ያከብበዋል፤ ከዚያ በኋላ መሮ ካልሆነ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ የኢንች መፍቻ መዋስ ወይም መግዛት ቀዳሚ ወጪ ነው። ለተያዘ ብሎን ዘይት ቀብቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ከጉልበት ይልቃል። ከዚህ በተረፈ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሞርሳና የቀጭን ልክ መለኪያ ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ የሚፈታው ነገር ሁሉ ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላው በየቆርቆሮው ተለይቶ ይቀመጥ፤ በላዩም የመጣበት ቦታ ይጻፍበት። የፈታው ሰው ከሦስት ወር በኋላ እንደማያስታውሰው ርግጠኛ መሆን ይገባል።

አራተኛ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ቤንዚኑም ተቀድቶ ከግቢው ይራቅ። ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነውና። በታንኩ አጠገብ ብየዳ አይሠራም።

አምስተኛውን በተለይ እንድታነቡት እንለምናለን። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን እንደ ሌላው መኪና ጎማዎቹን በቀጥታ አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን፣ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስደውን ዘንግ ነው። እንግዲህ አንደኛው የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ከተነሣ፣ ዘንጉ እንደ ተያዘ ቢቆይም ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ መሬት ላይ ያለውን ጎማ ወደ ፊት ይለቀዋል። መኪናው የእጅ ፍሬን ተስቦ ሳለ ይንከባለላል ማለት ነው! ከሥሩ የተኛ ሰው ካለ መጨረሻው ይታወቃል። ስለዚህ መሬቱ ሜዳ ይሁን፤ የቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት ይታገዱ፤ መኪናው በክሪክ ወይም በተደራረበ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ፤ ማንም ሰው ለብቻው ከሥር አይግባ።

መጀመሪያ የሚቆም፣ ቀጥሎ የሚሄድ

አብዛኛው ሰው መኪና ማደስ የሚጀምረው ሞተሩን በማስነሣት ነው፤ ድምፁ ደስ ያሰኛልና። እኛ ግን ተራው ይገለበጥ እንላለን። የማይቆም መኪና ማስነሣት እብደት ስለ ሆነ ፍሬኑ ይቅደም።

የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን በአራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ነው። በአብዛኞቹም ላይ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጎማ በኩል ቧንቧው ቢቀደድ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ለብዙ ዓመት ቆሞ የነበረ መኪና ላይ ያለ ጎማ ነክ ቱቦና የፒስቶን ላስቲክ ሁሉ፣ ደህና ቢመስልም፣ ይለወጥ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ከእንጦጦ ወይም ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ አሮጌው ዘይት በሙሉ ወጥቶ አዲስ፣ «ዶት 3» ወይም «ዶት 4» የተባለው፣ ይግባ። የሞተር ዘይት በፍጹም አይጨመርም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

ስለ ፍሬን ሸራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አሮጌው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ታምቡሩ ሲከፈት የሚገኘውን ጥቁር አቧራ በአፍ ወይም በአየር መንፊያ «እፍ» ማለት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጧል። አቧራው በውሃ ይራስ፤ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል።

ከፍሬኑ ቀጥሎ የጎማ ኩሽኔታ፣ የመሪው መገጣጠሚያዎችና ባሌስትራው ይመረመራሉ። ጎማውም ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ ደህና አይደለም፤ በጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለማረሻ በሬ ቀንበር እንኳ አይታመንም።

አሁን ወደ ሞተሩ። በብዙ ላንድሮቨሮች ላይ የሚገኘው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ሞተር ነው። በቤንዚን የሚሠራም በናፍጣ የሚሠራም አለ። ለዓመታት ቆሞ የነበረ ሞተር በሞተሪኖ በድንገት አይነሣም። ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ይግባና ይደር፤ ከዚያ ከፊት በፓራውልቱ በኩል በሚገባው የእጅ ማዞሪያ በቀስታ ይዞር። ከዞረ ተስፋ አለ። ካልዞረ በኃይል አይገደድም፤ ቴስታታው ተነሥቶ ይታይ።

የቤንዚኑ ሞተር የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው። የቫልቭ ክፍተቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ክፍተት ከ0.75 እስከ 0.80 ሚሊ ሜትር፤ የእሳቱ ተራ ደግሞ 1-3-4-2 ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘና ነዳጁ ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠ ተማሪ፣ የማይነሣበትን ምክንያት ብዙውን ጊዜ ራሱ ያገኘዋል። መንገዱ ቀላል ነው፤ እሳት አለ ወይ? ነዳጅ ይደርሳል ወይ? ግፊት አለ ወይ? ሦስቱ ካሉና ጊዜያቸውን ከጠበቁ ሞተር አለመነሣት አይችልም።

ስለ አዲስ አበባ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ ለእንግሊዝ አገር ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ሞተሩም ከሩብ ያላነሰ ኃይሉን ያጣል። «መኪናው ደክሟል» ብሎ ሞተር የሚያስፈታ ሰው፣ መጀመሪያ የነዳጁን ልክ ቢያስተካክል ብዙ ገንዘብ ያድናል። የማርሹም ድምፅ እንደዚሁ ነው፤ በሁለተኛው ዐይነት ላይ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት አስተካካይ የላቸውም፤ ስለዚህ የሚንኮራኮረው ካምቢዮው ተሰብሮ ሳይሆን ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ ስላልለመደ ይሆናል።

ስለ ላሜራና ስለ ቀለም

የላንድሮቨር አካል በብሎን የተገጣጠመ ስለ ሆነ ፓራፋንጎው፣ በሩ፣ ጣራው እየተፈታ በየተራ ይሠራል። ለተማሪ የሚመቸውም ይኸው ነው፤ ቅዳሜ አንድ በር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ በር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

አሉሚኒየም በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከልክ በላይ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተጎዳውን ከማቅናት በፊት በሙቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ችግሩ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ሳይታሰብ ይቀልጣል። ባትላሜራዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ የልብስ ሳሙና ይቀቡበትና በቀስታ ያግሉታል፤ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ መጥቆር ሲጀምር ሙቀቱ በቃ ማለት ነው። ከዚያ ሲበርድ በእንጨት መዶሻ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። በአንድ ቁራጭ ሳሙና የሚሠራ ቴርሞሜትር ይሉታል እንዲህ ነው!

ቀለሙም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው። ለብረት የሚሆነው የመጀመሪያ ቀለም በአሉሚኒየም ላይ አይዝም፤ በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለአሉሚኒየም ገጹን የሚቆነጥጥ፣ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ መነሻ ቀለም ያስፈልጋል። ለብረቱ ደግሞ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ከወጣ በኋላ ዚንክ ያለበት ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን ላስቲክ ወይም ማሸጊያ ማስቀመጥ፣ ከላይ ያየነውን ባትሪ ሥራ ማስፈታት ነው። ስቱኮ ጉድጓድ ለመሙላት እንጂ ዝገት ለመሸፈን አይደለም፤ በዝገት ላይ የተለሰነ ስቱኮ ለገዢ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው።

እንደ ፍላጎት ስለ ማሰናዳት

መኪናው ከታደሰ በኋላ ባለቤቱ እንደ ልቡ ሊያሳምረው ይፈልጋል። በዚህ ላይ በተማሪዎች መካከል ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይቆይ፤ የታሪክ ዕቃ ነው» ይላል። ሁለተኛው «መኪና ሙዚየም አይደለም፤ ለዛሬው መንገድ ይስማማ» ይላል። እኛ ሁለቱንም ሰምተን ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። ለውጡ ሊመለስ ይችላል ወይ? ፍሬኑና ባሌስትራው ይሸከሙታል ወይ? ሊብሬው ይፈቅደዋል ወይ?

በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ አንዳንድ ለውጦች ከማማርም አልፈው የሚያስፈልጉ ሆነው ይገኛሉ። ከኋላ በጎን ተደርድረው የሚታዩት አግዳሚ ወንበሮች ቀበቶ የላቸውም፤ ወደ ፊት በሚመለከቱና ቀበቶ ባላቸው ወንበሮች መተካት ሰው ማዳን ነው። ዲናሞውን በአልተርኔተር መተካት፣ የተሻለ የፊት መብራት ማስገባትም እንዲሁ። ሆኖም ከ1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአካሉ ጋር የታሰረባቸው ናቸው፤ ይህን ሳያዩ አዲስ ሬዲዮ ወይም አልተርኔተር የሚያገናኝ ሰው ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል።

ሌሎች ለውጦች ግን ለዐይን ያማሩ፣ ለአካል የከበዱ ናቸው። ትልቅ ጎማ እንውሰድ። ቁመቱ በአሥር በመቶ የበለጠ ጎማ ብናስገባ፣ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል መኪናው በእውነቱ በ66 ይሄዳል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ይቸገራል፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይደክማል። የኋላው ሸሚያስ ከጥንትም የእነዚህ መኪናዎች ደካማ ጎን ነው፤ በትልቅ ጎማና በኃይለኛ ሞተር ሲጨነቅ ይሰበራል። በጣራ ላይ የሚጫን ከባድ ዕቃ ደግሞ የመኪናውን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ያነሣል፤ አጭሩ ላንድሮቨር በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ብዙ ልመና አይፈልግም።

የሞተር ለውጥም ከባድ ጥያቄ ነው። የሌላ ኩባንያ ናፍጣ ሞተር የገባላቸው ላንድሮቨሮች ብዙ ናቸው፤ ሥራውም ይሠራል። ዛሬ ደግሞ በእንግሊዝ አገር አሮጌ ላንድሮቨርን በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የሚለውጡ ሰዎች አሉ። በዚህ መንገድ ካሰብን፣ የአገራችን የኤሌክትሪክ መኪና ተስፋና በግቢ የተጣለው አሮጌ ብረት የሚታረቁበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል፤ ለምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የሚሆን ጥሩ ርእስ እነሆ። ነገር ግን ሞተርም ቀለምም ከመለወጡ በፊት መኪናውን የመዘገበው ቢሮ ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ያልተስማማ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ አያገኝም።

ከማን እንማር?

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መካኒኩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡና በየጋራዡ አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። የመርካቶ ሶማሌ ተራ ነጋዴ አንድ አሮጌ ዕቃ በእጁ ይዞ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ይናገራል፤ መጽሐፍ አይገልጥም። ይህ ዕውቀት በየትም አልተጻፈም። የያዙት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸውም ሙያውን እየተዉ ነው።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው መናቅ ጥንታዊ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ መከልከላቸው፣ በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ቢከለክልም ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ፤ ዲግሪ ያለው ሰው እጁን ዘይት ማስነካት ያሳፍረዋል። ፒስቶን በወረቀት ላይ ስሎ መቶ ከመቶ ያገኘ፣ ፒስቶን በእጁ ይዞ የማያውቅ መሐንዲስ ለአገር ምን እንደሚፈይድ እያንዳንዱ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች ገንዘብና ጉልበታቸውን አዋጥተው በክረምቱ ዕረፍት አንድ አሮጌ መኪና ይያዙ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። ከእነርሱ አንዱ የተሠራውን ሁሉ በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ በየሥራው አንድ አዛውንት መካኒክ ያማክሩ፤ ሲያማክሩም «ጋሼ» ብለው፣ ደብተራቸውን ይዘው፣ የሚናገሩትን ቃል በቃል ይመዝግቡ። መኪናው ቢነሣ እሰየው። ባይነሣ እንኳ ያ ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የተዘጋጀ፣ በአማርኛ የተጻፈ የመካኒክ መጽሐፍ ይሆናል፤ እርሱም ከመኪናው ይበልጥ ዋጋ ያለው ነገር ነው።